አዛውንቶቹ ሚሲዮናውያን ሰፈራችን ገቡ፦ ከአከራዮች፣ ከጎረቤቶችና ከሠራተኞች የመጡ ጥያቄዎች

የዚህ እትም ደብዳቤዎች አንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጥናሉ። ከለቡ እስከ ለገጣፎ፣ በከተማዋ ዳር ዳር ቤት ተከራይተው ስለሚኖሩ፣ ደረታቸው ላይ ጥቁር የስም ባጅ ስለሚያደርጉ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስቶች ነው። እኛ በልማድ ሞርሞን የምንላቸው፣ ራሳቸው ግን «የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን» ተብሎ ቢጠራ የሚወዱት እምነት ሚሲዮናውያን ናቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥረናል፤ ስምም አላወጣንም።

ለቡ ጂ ፕላስ ዋን ቤት አለኝ። ደላላ አሜሪካዊ ባልና ሚስት አመጣልኝ፤ ሁለቱም ከ65 ዓመት በላይ ናቸው። የምንቆየው 18 ወር ነው አሉ። ደላላው «ፈረንጅ ናቸው፤ የስድስት ወር ቅድሚያ በዶላር ጠይቂ» ይለኛል። ምን ይሻለኛል? ቤቱንስ እንዴት ላዘጋጅ? — ወ/ሮ ት.፣ ለቡ

ወይዘሮ ት.፣ እዚህ ላይ ደላላውን አይስሙት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ኪራዩም የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ዶላሩን ይርሱት፤ ውሉ በብር ይሁን።

ብዙ አከራይ የሚደናገረው በውሉ ዘመን ነው። አዋጁ ከሁለት ዓመት ያነሰ ውል አይቀበልም፤ ተከራዮቹ ደግሞ 18 ወር ይላሉ። ሁለት ዓመት ተብሎ ይፈረም፤ ተከራይ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መውጣት ስለሚችል በ16ኛው ወር ላይ በጽሑፍ ያሳውቅዎታል። ከዚያ በፊት ግን ፈራሚው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ቤቱን በስሙ የሚከራየው የተልእኮው ጽሕፈት ቤት ነው፤ ባልና ሚስቱ ወጪውን ለቤተ ክርስቲያናቸው ይተካሉ። እንዲህ ከሆነ ለእርስዎም ይሻላል፤ እነዚህ ሲሄዱ ሌሎች ባልና ሚስት ሊተኩ ስለሚችሉ ቤቱ ጾሙን አያድርም። ለገጣፎ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ያላችሁ አከራዮች በሸገር ከተማ ሥር ስለሆናችሁ የምዝገባውን ነገር እዚያው ጠይቁ።

ስለ ገንዘባቸውም እንንገርዎ። እነዚህ ሰዎች እንደ ድርጅት ሠራተኛ ደመወዝና የቤት አበል የላቸውም። ኪራዩም ቀለቡም የሚወጣው ከጡረታቸውና ከቁጠባቸው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በ2011 እ.ኤ.አ. ለመኖሪያ የሚከፍሉት በወር ከ1,400 ዶላር እንዳያልፍ ጣሪያ አበጅቷል። ጣሪያ ማለት ግን ዋጋ ማለት አይደለም፤ ጽሕፈት ቤቱ የሰፈሩን ኪራይ ጠንቅቆ ያውቀዋል።

ወደ ቤቱ እንምጣ። በዚህ ዕድሜ ላለ ሰው ከሚያብረቀርቅ ኪችን ይልቅ ታች ያለ መኝታ ቤትና ታች ያለ ሙሉ መታጠቢያ ዋጋ አለው። ደረጃው ሴራሚክ ከሆነ በእያንዳንዱ እርከን ጠርዝ ላይ የማያንሸራትት ሻካራ ፕላስተር ይለጥፉ፤ የእጅ መደገፊያውም እስከ መጨረሻው እርከን ይድረስ። ብዙ ቤት ውስጥ መደገፊያው ሁለት እርከን ሲቀር ያልቃል፤ ሰው የሚወድቀውም እዚያ ላይ ነው።

ሻወርና ሽንት ቤት አጠገብ የብረት መያዣ ከወለሉ ከ85 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ያስገጥሙ። እዚህ ላይ ባለሙያውን ቆመው ያሠሩት። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ የብሎኬት ሆዱ ደግሞ ክፍት ነው። በተራ ፊሸርና ቡሎን የታሰረ መያዣ ፎጣ ይችላል፤ የሚንሸራተት ሰው የያዘው ዕለት ግን ከነሴራሚኩ ተነቅሎ ይመጣል። ቀዳዳውን ሰፋ አድርጎ የብሎኬቱን ሆድ በሲሚንቶ መሙላት፣ አንድ ሳምንት ውሃ እያጠጡ ማቆየት፣ ከዚያ በረጅም ቡሎን ማሰር ነው። የግድግዳው ጀርባ የሚደረስበት ከሆነ ደግሞ ቡሎኑን አሳልፎ በወዲያኛው በኩል በላሜራ ማሰር ከሁሉም ይጠነክራል። ሲያልቅ ባለሙያው ራሱ በሙሉ ክብደቱ ይንጠልጠልበት።

ውሃውን በሒሳብ እንየው። ባልና ሚስቱ፣ ሠራተኛዋና ጥበቃው ተደምረው በቀን 250 ሊትር ቢጠቀሙ 2,000 ሊትር ሮቶ ስምንት ቀን ይሄዳል። ፈረቃችሁ በሳምንት አንዴ ከሆነ ለጥቂት ያደርሳል፤ አንዴ ከዘለለ ግን ቦቴ መጥራት ነው። ሁለተኛ ሮቶ ይጨምሩ። ግፊቱ ሌላ ጣጣ ነው፤ ሮቶው ሦስት ሜትር ማማ ላይ ቢቀመጥ የሚሰጠው 0.3 ባር ገደማ ብቻ ስለሆነ ታች ያለው ሻወር ያንጠባጥባል፣ ፎቁ ላይ ጭራሽ አይደርስም። ለዚህ ሲባል ፓምፕ ይገጠማል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ፓምፑም ይቆማል። መብራትና ውሃ አንድ ላይ እንዳይጠፉባቸው ጣሪያው ላይ ትንሽ ሮቶ፣ 500 ሊትርም ቢሆን፣ አውጥተው ፓምፑ ወደዚያ እንዲሞላ ያድርጉ። የጣሪያውን ጥንካሬ ባለሙያ ይይልዎት፤ ሲሞላ ግማሽ ቶን ነው። «ከሮቶው አይጠጡም» ብለው እጥበቱን አይተዉት፤ አፋቸውን የሚጉመጠመጡት ከዚያው ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ጥገና ካለ ሠራተኛ እሑድ አይላኩባቸው። የኛ ቧንቧ ሠራተኛ የሚገኘው እሑድ መሆኑን እናውቃለን፤ ለእነሱ ግን ሰንበት ነው።

ሰሚት አንድ ባልና ሚስት ቤት ምግብ አብሳይ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን ቡና አፈላሁ፤ ሳቅ ብለው አንጠጣም አሉ። ሻይም እንቢ። ወጡን ጨው በዛው ይሉኛል። ቦሎቄ ስቀቅል እስከ ማታ አይላላም። ሲስተር (ሚስትየዋን የምንጠራት እንዲህ ነው) የምትጋግረው ኬክ ደግሞ ሁልጊዜ መሃሉ ይሰረጉዳል፤ ምድጃው ነው ትላለች። ምን ላድርግ? — እ.፣ ሰሚት

እህታችን፣ ቡናው በሙያዎ አይደለም የተመለሰው። በ1833 እ.ኤ.አ. ለመሥራቻቸው ለጆሴፍ ስሚዝ ተገለጠ ብለው የሚያምኑት፣ «የጥበብ ቃል» የሚባል የጤና ሕግ አላቸው፤ ቡና፣ የሻይ ቅጠል፣ አልኮልና ትምባሆ በዚያ የተከለከሉ ናቸው። ማኪያቶም ወተቱ ስለበዛ አይታለፍም። የቡና ቅጠል ፍል፣ ቁጢም ሆነ ጨሞ፣ ከዚያው ተክል ስለሆነ አያቅርቡላቸው። ሻይ ቅጠል ያልገባበት ፍል ግን ይጠጣሉ፤ ጦስኝ፣ ዝንጅብል፣ ቀረፋ ከቅርንፉድ ጋር፣ ማርም ጠብ ቢል ደስ ይላቸዋል። ገብስ ጠቆር አድርገው ቆልተው፣ ፈጭተው እንደ ቡና ቢያፈሉላቸው ጀበናውም ሥራ አይፈታም። ለስላሳ መጠጥ በሕጉ አልተጠቀሰም፤ የየሰው ምርጫ ነው። ለራስዎ ወይም ለእንግዳ ማፍላትዎንም ብዙዎቹ አይጠሉም፤ ቤቱ የእነሱ ነውና አንዴ ያስፈቅዱ። ከሰሉን ግን ውጭ ያቀጣጥሉት፣ ቡናውንም በረንዳ ላይ ያፍሉት። የሚሲዮናውያን ቤት የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ እንዲኖረው ያስፈልጋል፤ ሳሎን ውስጥ ከሰል ሲገባ መጮሁ አይቀርም። ሲጮህ ከሰሉ ይውጣ እንጂ የመጠቆሚያው ባትሪ አይነቀል።

ጨው በዛ የሚሉት ልክ ናቸው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ የሽሮው ዱቄትም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው። ከላይ ሲጨመር ድርብ ይሆናል። በዚህ ዕድሜ የግፊት ክኒን የማይወስድ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ወጡ ከበሰለ በኋላ ቀምሰው ብቻ ይጨምሩ፣ ወይም ጨውን ገበታ ላይ ይተዉላቸው። አልጫ ክክ፣ ድንች በካሮት፣ ጎመን በሥጋ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አስተማማኝ ናቸው። በርበሬውን በግማሽ የሻይ ማንኪያ ጀምረው ቀስ በቀስ ያስለምዷቸው። ሥጋ ለብለብ አይስጧቸው፤ ኮሶ ምን እንደሆነ አያውቁም።

ቦሎቄውን ያስቸገረው የከተማችን ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሰሚትም አያትም በዚያው አካባቢ ናቸው። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳቱን ቢያነዱት ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ቦሎቄውን ከማታ ዘፍዝፈው ያሳድሩት፣ የዘፈዘፉበትን ውሃ ይድፉት፣ ቲማቲምና ሎሚም ከላላ በኋላ እንጂ ከመጀመሪያው አይግባ፤ ኮምጣጣ ነገር ቆዳውን ያጠነክረዋል። የሚያፏጨው ፕሬሸር ድስት ካለ ግማሽ ቀኑ ይተርፍልዎታል።

የኬኩም ምክንያት ያው ነው፤ ምድጃው ንጹሕ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቤኪንግ ፓውደሩ ሊጡን ቶሎ አንሥቶ፣ ሳይጸና ይለቀዋል። ሲስተር ከዩታ ያመጡት የአሠራር ወረቀት ቢበዛ ለ1,300 ሜትር ነው የሚሠራው፤ የዩታ ዋና ከተማ የሶልት ሌክ ሲቲ ከፍታ ያ ነውና። ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ይቀንሱት፣ ከስኳሩም ለእያንዳንዱ ኩባያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያጉድሉ፣ ፈሳሹን ለእያንዳንዱ ኩባያ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይጨምሩ፣ ምድጃውንም 10 ዲግሪ ያህል ከፍ ያድርጉት። ያኔም ቢሰረጉድ ቤኪንግ ፓውደሩን ትንሽ ደግመው ይቀንሱ።

የሚጠጣ ውሃ ማጣሪያ አላቸው። ማጣሪያው የተበላሸ ቀን ግን ውሃው ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ፤ በቆላ አንድ ደቂቃ ይበቃል፣ እዚህ አይበቃም። ሰላጣ ቅጠሉን በኮምጣጤ ብቻ አጥበው አያቅርቡ፤ ኮምጣጤ አፈሩን ያስለቅቃል፣ ጀርሙን ግን አይጨርሰውም። ልጣጩ የሚነሣውን፣ ካሮትና ኪያሩን፣ ያዘውትሩ።

ጎረቤቶቼን ለፋሲካ ልጠራቸው አስቤአለሁ። ጠላና ጠጅ እንደማይቀምሱ ሰምቻለሁ። ሌላ ምን ልጠንቀቅ? — እማማ ሙ.፣ ለገጣፎ

እማማ፣ ቀኑን አስቀድመው ይንገሯቸው። በየወሩ በመጀመሪያው እሑድ ይጾማሉ፤ በፈረንጅ ወር ነው የሚቆጥሩት። ሁለት ማዕድ ይተዋሉ፣ ውሃም አይጠጡም፤ ያልበሉትንም ዋጋ ለችግረኛ ይሰጣሉ። ፋሲካችን ከዚያ ቀን ጋር የሚገጥምበት ጊዜ አለ፤ በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን የዋለው ሜይ 5፣ የሜይ የመጀመሪያው እሑድ ነበር። እርስዎ 55 ቀን ጾመው ዶሮ ሲፈቱ እነሱ ባዶ ሆዳቸውን ተቀምጠው እንዳይሳቀቁ፣ ከገጠመ ወደ ማታ ወይም ሰኞ ይጥሯቸው። በሌላው እሑድ ደግሞ የሁለት ሰዓት ስብሰባ አላቸው፤ ከዚያ በኋላ ይሁን።

መጠጡ ብርዝ ይሁን፣ ግን የዚያው ቀን። ብርዝ ካደረ መፍላት ይጀምራል፤ አረፋ ካሳየና ምላስ ካቃጠለ ጠጅ ወደ መሆኑ ነው፣ ለሌላው እንግዳ ያዙሩት። ቅሪቦም ቀን በቆጠረ ቁጥር እንደዚያው ነው። ዶሮ ወጡን ሳያፍሩ ያቅርቡ፤ ለእነሱ ብቻ ከበርበሬው ቀነስ ያለ ትንሽ ድስት ቢለዩ ደግ ነው። ጉርሻ ይወዳሉ፤ አነስ ይበል፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው አለ። ከሁሉ በላይ ዱካ ላይ አያስቀምጧቸው። ጉልበቱን የተቀየረ ሰው ከዱካ ለመነሣት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ከፍ ያለ ወንበር መደገፊያ ያለው ይሁን፣ ትሪውንም ወደ እነሱ ከፍ ያድርጉት።

እነሱ መልሰው ሲጠሩዎት ረቡዕና ዓርብን እንደማያውቁ ያስቡ። የአሳማ ሥጋም ለእነሱ አይከለከልም። ሄደው ከማፈር አስቀድሞ መንገር ይሻላል፤ አይቀየሙም።

ወጣቶቹ ሞርሞኖች ሁለት ሁለት ሆነው ሲዞሩ አያለሁ። ሽማግሌዎቹ ግን ጠዋት በመኪና ወጥተው ማታ ይገባሉ። ሰላይ ናቸው የሚልም ወሬ አለ። ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራሉ? ለትምህርት ቤታችን እርዳታ ብንጠይቅስ? — ብ.፣ ጀሞ

ወሬው የቡና ላይ ወሬ ነው። ወጣቶቹና አዛውንቶቹ ሥራቸው የተለያየ ስለሆነ ነው የተምታታብህ። ወጣት ወንዶቹ 24 ወር፣ ሴቶቹ 18 ወር ያገለግላሉ፤ በጥብቅ የሰዓት ድልድል ይኖራሉ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ይነሣሉ፣ ዋና ሥራቸው ማስተማር ነው። አዛውንቶቹ ቤት ውስጥ የሚያሳድጉት ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ናቸው፤ ለ6፣ ለ12፣ ለ18 ወይም ለ23 ወር ይመጣሉ፤ የወጣቶቹ ድልድል አይመለከታቸውም። በር እያንኳኩ መስበክም ከእነሱ አይጠበቅም።

አንዳንዶቹ የጽሕፈት ቤት ሰዎች ናቸው፦ ሒሳብ ይይዛሉ፣ የወጣቶቹን ቪዛና ትኬት ይከታተላሉ፣ መኪና ያስጠግናሉ። አንዳንዶቹ በጉባኤው ውስጥ አዲስ ኃላፊ ለሆኑ አባላት አሠራር ያሳያሉ፤ ወይም ባልና ሚስቱ ለወጣቶች የኢንተርኔት ትምህርትና የሥራ ፈጠራ ኮርስ ያስተባብራሉ። ብዙ ጊዜ የሚወስድባቸው ግን ማንም የማያየው ነው፤ የወጣት ሚሲዮናውያንን ቤት መፈተሽ። በአንድ ቤት ውስጥ የጋዙን ጎማ በሳሙና አረፋ ይነካካሉ፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ እያፈሰሰ ነው። የመጠቆሚያውን ባትሪ ይሞክራሉ፣ የውሃ ማጣሪያውን ሻማ አውጥተው የተሰነጠቀ መሆኑን ያያሉ፣ ከፍራሹ ሥር ትኋን ይፈልጋሉ፣ ፍሪጅ ከፍተው የ19 ዓመት ልጅ ምን እየበላ እንደሚኖር ይገረማሉ። ከጀሞ ተነሥቶ ሦስት ቤት አዳርሶ ለመመለስ በእኛ የመኪና መጨናነቅ ሙሉ ቀን ይፈጃል።

እርዳታን በተመለከተ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከኢትዮጵያ ጋር የቆየ ታሪክ አለው። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ፣ ጥር 19 ቀን (ጃንዋሪ 27፣ 1985 እ.ኤ.አ.) የአሜሪካና የካናዳ አባላቱ ልዩ ጾም ውለው ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስበዋል። ዛሬም የሰብአዊ እርዳታ ሥራ የሚመደብላቸው ባልና ሚስቶች አሉ። ነገር ግን ጥሬ ገንዘብ ከኪሳቸው አውጥተው አይሰጡም፤ በራቸው ላይ ቆሞ መጠየቅ እነሱንም ጠያቂውንም ማሳፈር ነው። እርዳታው በፕሮጀክት ነው የሚሄደው፤ የሚያጸድቀውም ሌላ አካል ነው፤ ኢትዮጵያ በናይሮቢ ባለው የቤተ ክርስቲያኑ የአፍሪካ ማዕከላዊ አካባቢ ጽሕፈት ቤት ሥር ናት። ትምህርት ቤታችሁ ዴስክ ከፈለገ ርእሰ መምህሩ በደብዳቤ ይጻፉ፦ ስንት ዴስክ፣ ለስንት ተማሪ፣ ከሦስት አቅራቢ የተሰበሰበ ፕሮፎርማ፣ ማን እንደሚረከብና ሲሰበር ማን እንደሚጠግነው። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ ጥያቄውንም የሚያዳክመው እሱ ነው።

እናቴ እነሱ ቤት ልብስ አጣቢ ናት። ኦርቶዶክስ ናት። ሃይማኖቷን ያስለውጧት ይሆን ብዬ እሠጋለሁ። — ደ.፣ ካራ

የሥራ ውሏ ሥራ ነው፤ ስብሰባ መሄድ የደመወዙ አካል አይደለም። ቢጋብዟት «አመሰግናለሁ፣ እምነቴ ሌላ ነው» ማለቷ ሥራዋን አይነካም፤ ካለችም አይነዘንዟት። የቤተ ክርስቲያኑ መመሪያ ያገባ ሰው ያለ ትዳር ጓደኛው ፈቃድ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅም ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳይጠመቅ ይከለክላል። የበዓላት ቀኖቿን፣ ጥምቀትን፣ ስቅለትን፣ ዓመታዊ ንግሷን፣ ከአሁኑ በወረቀት ጽፋ ትስጣቸው።

እድር እናስገባቸው ወይ? ለቅሶ ሲኖር ቆመው ያያሉ፤ ምን እንደሚያደርጉ ግራ ይገባቸዋል። — የእድር ጸሐፊ፣ ቱሉ ዲምቱ

ለ18 ወር መግቢያና ወርኃዊ ማስከፈሉ አይመከርም፤ የእድሩን ጥቅም ሳያገኙት ይሄዳሉ። ለቅሶ ሲኖር ግን አንድ ሰው ሄዶ ይጥራቸው። «ድንኳኑ ውስጥ ገብታችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ ስትወጡ እግዚአብሔር ያጥናችሁ በሉ» ብሎ ማስረዳት በቂ ነው። እንጀራ ወይም ውሃ ካርቶን ይዘው ቢመጡ ሰው ደስ ይለዋል። የንፍሮና የእዝን ሥርዓቱን አንዴ ካዩት ራሳቸው ይመጣሉ።

ሾፌራቸው ነኝ። «በ8 ሰዓት ና» አሉኝ፤ ከምሳ በኋላ ስሄድ ከጠዋት ጀምሮ ጠብቀውኛል። — ኃ.፣ አያት

በእነሱ 8 ሰዓት ጠዋት በኛ 2 ሰዓት ነው። ሁሌም «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚለውን ጨምረህ በቴክስት ጻፍላቸው፤ ሁለቱንም ሰዓት ጻፍ፦ «ጠዋት 2 ሰዓት፣ በእናንተ 8 ሰዓት»። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ «በ5» ስትል መስከረም 5 ይሁን ሴፕቴምበር 5 አይለዩም፤ በመካከላቸው አሥር ቀን፣ አንዳንዴ አሥራ አንድ ቀን አለ። ትኬትና የቪዛ ቀጠሮ የሚያበላሸው ይሄ ነው።

ወላጆቼ አሜሪካ ነው የሚኖሩት፤ የቤተ ክርስቲያኑ አባላት ናቸው። 69 እና 72 ዓመታቸው ነው፤ አዲስ አበባ እንዲያገለግሉ ተመድበዋል። እናቴ የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ምን ይዘው ይምጡ? — ሳ.፣ አያት

በመጀመሪያ ከፍታው ነው። እዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ዕቃ እየተሸከሙ ደረጃ አይውጡ፤ ውሃ ያብዙ፣ ምግቡ ቀለል ይበል። ዘመድ «እንጦጦን ላሳያችሁ» ማለቱ አይቀርም፤ ያ ወደ 3,200 ሜትር የሚጠጋ ነው፣ ሁለተኛው ሳምንት ይሁን። ቀለል ያለ ራስ ምታትና የተቆራረጠ እንቅልፍ የተለመደ ነው። ተቀምጠው ሳለ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ አረማመዳቸው ከተንገዳገደ ወይም ንግግራቸው ከተምታታ ግን ወዲያው ሐኪም ቤት፤ ሐኪሙ ዝቅ ወዳለ ቦታ ካላቸው ወደ አዳማ መንገድ ይውረዱ፤ እዚያ 1,700 ሜትር ገደማ ነው። እናትዎ የሚያሸና የግፊት ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ከመነሣታቸው በፊት መጠኑን ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ በበጋችን ደረቅ አየር ላይ ውሃ ያጥራቸዋል።

መድኃኒቱን በየፋብሪካ ካርቶኑ፣ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር፣ በእጅ ሻንጣ ይያዙ። ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው የንግድ ስሙ ሳይሆን የመድኃኒቱ ዋና ስም ይሁን፤ ፋርማሲያችን በአሜሪካ የንግድ ስም አያውቀውም። ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የአዛውንቶች የጤና መድን፣ ከአሜሪካ ውጭ ለሕክምና በአብዛኛው አይከፍልም፤ በአውሮፕላን ወደ ናይሮቢ መውሰድን የሚጨምር ኢንሹራንስ መኖሩን ያረጋግጡ። አዲስ አበባ ላይ ወባ አያሠጋም፤ ለሥራ ወደ ሐዋሳ ወይም አዳማ ሲወርዱ ግን መከላከያው ከሌላ መድኃኒታቸው ጋር እንዳይጋጭ ቀድመው ይነጋገሩ። ወፍራም ሶል ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ ይዘው ይምጡ። የአያት የእግረኛ መንገድ ላይ ክዳኑ የተነሣ ቱቦ ከወባም ከከፍታም ይልቅ ሰው ይጎዳል።

ተከራዮቼ ከአሜሪካ ያመጡትን ብሌንደር ሰኩትና ጨሰ። ትራንስፎርመር ግዛልን ይላሉ። ማታ አፍንጫቸው ላይ የሚያደርጉት የመተንፈሻ ማሽንም አለ፤ መብራት ሲጠፋ ይጨነቃሉ። — ዘ.፣ ካራ ቆሬ

የኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ የእነሱ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ከመሰካታቸው በፊት የዕቃውን ጀርባ ያንብቡላቸው። «100–240» የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል፤ ስልክ፣ ላፕቶፕና አብዛኛው አዲስ መተንፈሻ ማሽን እንደዚያ ነው። «120» ብቻ ካለ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ አቅሙም ከዕቃው ዋት በግማሽ የሚበልጥ ይሁን፣ ለ500 ዋት ብሌንደር ቢያንስ 750። በጉዞ ዕቃ ሱቅ የሚሸጠው ትንሿ መቀየሪያ ለሞተር አትሆንም። ፀጉር ማድረቂያ፣ ካውያና የዳቦ መጥበሻ ከሆነ ትራንስፎርመር ከመግዛት እዚሁ አዲስ መግዛት ይረክሳል። ትራንስፎርመር ኸርዙን እንደማይለውጥም ይንገሯቸው፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አሮጌ የራስጌ ሰዓት በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል፣ አንዳንድ ሞተርም ይግላል። ሥራ ሲጨርስ ከሶኬቱ ይነቀል፤ ባዶውንም ቆጣሪውን ይበላል።

ሲፓፕ የሚባለው መተንፈሻ ማሽን ራሱ ብዙ አይፈጅም፤ መብራቱን የሚጨርሰው የውሃ ማሞቂያውና የሚሞቀው ቱቦ ነው። ሁለቱ ሲጠፉ ማሽኑ በ30 ዋት ገደማ ይሠራል፤ ስምንት ሰዓት ቢሆን 240 ዋት ሰዓት ነው። 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙበት 600 ይሰጣል፤ ከኢንቨርተሩ ብክነት ጋር ሁለት ሌሊት ያደርሳል። ማሞቂያው ከበራ ግን አንድ ሌሊት መሙላቱም ያጠራጥራል። ባትሪው የታሸገ የጄል ዓይነት ይሁን፤ ውሃ የሚጨመርበት የመኪና ባትሪ ሲሞላ ጋዝ ስለሚያወጣ መኝታ ቤት አይገባም። ጄኔሬተርም ከመስኮት ርቆ ውጭ ብቻ። ቆጣሪው የካርድ ከሆነ ዓርብ ዕለት ይሙሉላቸው፤ እሑድ ካርድ ልግዛ ብለው አይወጡም። ሁሉንም ከመግጠምዎ በፊት ደግሞ የምድር ሽቦ መኖሩን ያስለኩ። ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ግድግዳው ላይ ስላለ ብቻ ሽቦው ከምድር ተገናኝቷል ማለት አይደለም፤ በብዙ አዲስ ቤት ከማከፋፈያው ሳጥን ጀርባ ተቆርጦ ነው የሚገኘው።